ሬሚንግተን 1100 ሲነክስ፦ መጀመሪያ ቀለሁን አንሡት

ከፊል አውቶማቲክ ሾትገን ነከሰ፣ ማለትም ቀለሁን መትፋት ወይም አዲስ ጥይት ማጉረስ አቃተው ሲባል ብዙ ሰው እጁ ወደ መፍቻ ይሮጣል። አትፍቱ። በመጀመሪያ ቦልቱ (የበርሜሉን ኋላ የሚዘጋውና የሚከፍተው ተንቀሳቃሽ ብረት) የት እንደቆመና የቀለሁ ከንፈር (የታችኛው ጠርዝ) ምን እንደሚመስል እዩ፤ ግማሹን መልስ እዚያው ታገኛላችሁ።

በ1963 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የዋለው 1100 በጋዝ የሚሠራ ነው። ሲተኮስ ከበርሜሉ ሥር ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ጥቂት ጋዝ ይወጣና በጥይት ማጠራቀሚያው ቱቦ ላይ የተሰካውን ፒስቶን ወደ ኋላ ይገፋል። ቦልቱም አብሮ ይሄዳል፤ ሰደፉ ውስጥ ያለው ሞላ ደግሞ መልሶ ያመጣዋል።

መፈተኛው ቀላል ነው። ተኩስ ሜዳ ላይ አንድ ጥይት ብቻ አጉርሱና ተኩሱ። ማጠራቀሚያው ባዶ ስለሆነ ቦልቱ ወደ ኋላ ሄዶ ተከፍቶ መቆም አለበት። ተመልሶ ከተዘጋ ወይም ቀለሁን መውጫው መስኮት ላይ ቆንጥጦ ከያዘ፣ መንገዱን አልጨረሰም ማለት ነው፤ ጉልበት አንሶታል።

ጉልበት ሲያንስ ቀድሞ የሚጠረጠረው ጥይቱ ነው። ተከታታይ ቁጥሩ «ኤም» በሚል ፊደል የሚያልቅ ባለ 12 ጌጅ (የበርሜል ስፋት መለኪያ) 1100 ለ3 ኢንች ማግነም፣ ማለትም ረጅምና ኃይለኛ ጥይት የተሠራ ስለሆነ፣ 28 ግራም እርሳስ የያዘ ቀላል የዒላማ ጥይት ላያንቀሳቅሰው ይችላል። ይህ ብልሽት አይደለም። «ቪ» የሚለው ግን የ2¾ ኢንች ነው፤ በ32 ግራም ጥይትም እምቢ ካለ ችግሩ ጠመንጃው ውስጥ ነው።

ቀጥሎ ኦሪንጉ። ጥይት አለመኖሩን በዓይንም በጣትም አረጋግጡና በርሜሉን አውጡ። ከፒስቶኑ ፊት፣ ቱቦው ላይ ባለው ጎድጓዳ መስመር የተቀመጠች ጥቁር የጎማ ቀለበት ታያላችሁ። ከተሰነጠቀች፣ ከላላች ወይም ከነጭራሹ ከሌለች ጋዙ ወደ ፊት ያመልጣል። ማጽጃ ኬሚካል ጎማውን ስለሚያሳብጠው ሌላውን ስታጸዱ አውጥታችሁ አስቀምጧት። ርካሽ ስለሆነች ሁለት መለዋወጫ ቦርሳ ውስጥ አይጥፋ። ፒስቶኑንና ከጎኑ ያለውን ቀለበት ከማውጣታችሁ በፊት ፎቶ አንሡ፤ ገልብጦ መግጠም የተለመደ ስህተት ነው።

የጋዝ ቀዳዳዎቹን በስንጥር ወይም በቀጭን የነሐስ ሽቦ ጥረጉ፣ የቱቦውንም ጥላሸት አስለቅቁ፤ ከዚያ ስስ ዘይት ይበቃል። ቀዳዳውን በትራፓኖ ማስፋት የሚመክር ሰው አይጠፋም። ቀላል ጥይት ለጊዜው ይሠራላችኋል፤ ከባድ ጥይት ስትተኩሱ ግን ቦልቱ የጠመንጃውን አካል በኋላ በኩል እየደበደበ ይሰነጥቀዋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተለወጠ የሰደፉን ሞላ ተመልከቱ። ጠመንጃው አፈሙዙ ወደ ላይ ሆኖ ሲቀመጥ ዘይት ወደዚያ ይወርድና ከአቧራ ጋር ሙጫ ይሆናል፣ ቱቦውም ይዝጋል። ለዓመታት ሳይከፈት የሚቀር ቦታ ይህ ነው።

ቀለሁ በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ከንፈሩ ከተቦጨቀ ነገሩ ሌላ ነው። ቀለሁን የሚጎትተው የቦልቱ ጥፍር ይዞ ነበር፤ ያልለቀቀው ጥይት መጉረሻው (ጥይቱ የሚቀመጥበት የበርሜሉ ኋላ ክፍል) ነው። ዝገትና የቀለጠ ፕላስቲክ በነሐስ ብሩሽ ይነሣል። ታችኛው ቆብ ብረት የሆነ ርካሽ ጥይት እዚህ ላይ የባሰ ይጣበቃል። ከንፈሩ ደህና ሆኖ ቀለሁ ከቀረ ግን ጥፍሩ ተበልቷል ወይም ትንሿ ሞላው ደክማለች።

ተኩሱ ድምፁ ከወትሮው ደከም ካለ አታቀባብሉ። ጥይቱን ሁሉ አውጡና በበርሜሉ ውስጥ ብርሃን እዩ፤ የቀረ ነገር ላይ ሌላ ጥይት ከተተኮሰ በርሜሉ ይፈነዳል።

ቀለሁ በደንብ እየወጣ አዲሱ ጥይት ካልመጣ የማጠራቀሚያው ሞላ ደክሟል ወይም ቱቦው ተሰርጉዷል። ጥይቱ ወደ በርሜሉ ከሚያነሣው ማንሻ ሥር ሾልኮ ከገባ ደግሞ በአካሉ ውስጥ የተቀጠቀጠው የጥይት መያዣ ላልቷል፤ እሱን መልሶ ለመቀጥቀጥ ልዩ መሣሪያ ስለሚያስፈልግ ለጠመንጃ ጠጋኝ ስጡት።