የእማዬ ክትባት

እማዬ አንጎሏ ውስጥ ያበጠው የደም ሥር ፈንድቶባት አዲስ አበባ ታክማ ወደ ባሕር ዳር ከተመለሰች ወዲህ ቡና ላይ የሚቀመጥ ሁሉ ምክር አለው። ጸበል ውሰዷት የሚል አለ። ጨው ቀንሱላት የሚልም አለ፤ ግፊቷ ከፍ እንዳይል ይሄንን እኔም እጠነቀቃለሁ። ትልቁ ክርክር ግን የኮቪድ ክትባት ላይ ነበር።

«ጭንቅላቷ የተነካ ሰው እንዴት ይከተባል?» አሉኝ አንዲት የእድር ጓደኛዋ። በመጋቢት 2013 ክትባቱ አገራችን ሲጀመር የተሰጠው አስትራዜኔካ «ደም ያረጋል» መባሉን አልረሱትም። ፍርሃታቸው ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ በጣም ጥቂት ሰዎች ላይ በእርግጥ ደርሷል። ግን ያ ሌላ ችግር ነው። የእማዬ የደም ሥሩ ግድግዳ ሳስቶ ማበጡ ነው። ክትባት እንዲህ ያለውን እብጠት ያፈነዳል የሚያሰኝ ማስረጃ የለም። ደም በማርጋት ከሆነ ኮቪድ ራሱ ይብሳል።

ያናደደኝ ግን የጎረቤት ወሬ አይደለም። የጠየቅሁት አንድ የጤና ባለሙያ «መርፌው እንዳያደማት ክኒኑን ለጥቂት ቀን አስቁሚያት» አለኝ። እንዲህ በቀላሉ! እማዬ እኮ ደም ሥሯ ውስጥ ስቴንት የሚባል ትንሽ የሽቦ ቱቦ አለ። አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል የምትውጠው እሱ ላይ ደም እንዳይረጋ ነው። ያለ ሐኪሟ ፈቃድ ማቋረጥ ስትሮክ ሊያመጣባት ይችላል። እጄ እየተንቀጠቀጠ ሐኪሟ ጋ ደወልኩ። «እንዳትነኩት! ክኒኗን እየወሰደች ትከተብ» አሉኝ። ጣና ዳር ዘንባባው ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ለከታቢዋ ነርስ ገና ከመቀመጣችን ደም ማቅጠኛ እንደምትወስድ ነገርናት። በቀጭን መርፌ ወጋቻት። ከዚያ ጥጡን ሳላሽ ከ2 ደቂቃ በላይ ተጫንኩት። «ኧረ ልጄ፣ ክንዴን ልትነቅዪው ነው» አለች እማዬ። ትንሽ በለዘ፣ በቃ።

ማታ አተኮሳት፤ ራሷንም አመማት። ከክትባት በኋላ ይሄ የተለመደ ነው። የእኛ ቤት ግን ራስ ምታት ሲባል ነፍሳችን ትወጣለች። ያኔ ደም ሥሩ ሲፈነዳ ሕመሙ በአንድ አፍታ ነበር የጣላት፤ አስመለሳት፣ አንገቷ ተገተረ። እንደዚያ ያለ ሲመጣ «ከክትባቱ ነው» ብሎ መጠበቅ የለም፤ የተገኘው ባጃጅ ላይ ጭኖ ድንገተኛ ክፍል መሮጥ ነው። የዚያን ማታው ግን ቀስ እያለ መጣ፤ በፓራሲታሞል ለቀቃት። ወንድሜ ዳይክሎፌናክ የሚባለውን ሌላ ማስታገሻ ሊሰጣት ሲል ከለከልኩት። ከእነዚያ ክኒኖች ጋር ሲደረብ የመድማት አደጋን ይጨምራል።

በቀጠሮዋ ቀን ክሎፒዶግሬሉ መቼ እንደሚያበቃ ሐኪሟን እጠይቃለሁ። እስከዚያ ክኒኗን ማንም አይነካብኝም።