የሾፌሩን ወንበር ቆዳ ማዳን፦ እስካሁን የደረስኩበት

መኪናዬ መርሴዲስ 190 ኢ ናት፣ በፈረንጆቹ የ1990 ስሪት። ሞተሯ ደህና ነው፣ ቦዲዋም እንደ ዕድሜዋ አይከፋም። የሾፌሩ ወንበር ግን ዓይን አይሞላም ነበር። ቡናማው ቀለም ተነስቶ ነጣ ያለው ሥጋው ይታያል። በበሩ በኩል ያለው ጉብታ ተሰነጣጥቋል። ከስፌቱ አጠገብ ደግሞ አውራ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ አለች። ያየ ሁሉ "ልብስ አሰፋለትና ተገላገል" ይለኛል።

እኔ ማልበሱን አልፈለግኩም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ያገለገለን የከብት ቆዳ በፕላስቲክ መሸፈን ያሳዝነኛል። ስለዚህ ከጥር ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሠራሁበት ነው። የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ያጠፋሁትን ልናገር። ዓምና የጫማ ቀለም ቀባሁት። ለሁለት ቀን አምሮበት ነበር። በፋሲካ ዋዜማ ባለቤቴ ራሷ እየነዳች ቤተ ክርስቲያን ስትደርስ የነጠላዋ ጀርባ ቡናማ ሆኖ ወረደች። ነጠላው ስንት ጊዜ ታጥቦ አለቀቀም። የጫማ ቀለም ሰምና ዘይት ነው፤ የሰው ገላ ሲያሞቀው ልብስ ላይ ይወጣል። እባካችሁ እዚህ መንገድ ውስጥ አትግቡ።

ዓይኔን የገለጡልኝ ሸራ ተራ ያገኘኋቸው አንድ ጫማ ሠሪ ናቸው። ከወንበሩ ሥር ከተደበቀው ጠርዝ ላይ ጥፍር የምታህል ቁራጭ ቆርጬ ይዤላቸው ሄድኩ። ጋሼ በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሃል አድርገው አሽት አሽት አደረጓት። ጎንበስ ብለው ጀርባዋን አዩ። ጀርባዋ እንደ ከፋይ ጸጉር ጸጉር ያለው ነው። "ይሄ እውነተኛ ቆዳ ነው፤ ፕላስቲክ ቢሆን ጀርባው ጨርቅ ይሆን ነበር" አሉኝ። ከዚያ "ወንበሩ ላይ ውሃ ጠብ አድርግበት። ጠብታው ድቡልቡል ብሎ ከቆመ ቀለሙ አለ። ከጠጣው ተልጧል። ልጄ፣ ቆዳው አልሞተም፤ ልብሱ ነው ያለቀው" አሉኝ።

ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። የመኪና ወንበር ቆዳ ከለፋ በኋላ ቀለም ይቀባል፤ ከቀለሙ በላይ ደግሞ ስስ መከላከያ ይደረብለታል። ስንገባና ስንወጣ የምንፍቀው ይህንን ልባስ ነው። ላብና ፀሐይ ይጨመርበታል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለችው፣ ፀሐይዋ ደግሞ መኪና ውስጥ ገብታ ታቃጥላለች። ልባሱ ሲያልቅ ቆዳው ይደርቃል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። ለዚህም ነው ቅባት ብቻውን የማያድነው። ልባሱ ባለበት ቦታ ቅባቱ አይገባም። በሌለበት ቦታ ደግሞ ገብቶ በኋላ የምትቀቡት ቀለም እንዳይዝ ያደርጋል።

ትልቁን ጊዜ የወሰደብኝ ማጠቡ ነው። ሁለት ሙሉ ቅዳሜ። የልብስ ሳሙና አትጠቀሙ። ቆዳ በተፈጥሮው ወደ አሲድ ያደላል፣ ጠንካራ ሳሙና ያጎሳቁለዋል። እኔ የሕፃናት ሻምፖ በለብ ባለ ውሃ በጠበጥኩ። በለስላሳ ብሩሽ አረፋውን ብቻ እያነሳሁ፣ ስፌቱን በጥርስ ብሩሽ እየገባሁ አሸሁት። ነጩ ጨርቅ የቡና አተላ መስሎ ይወጣል። ውሃውን ሰባት ጊዜ ቀየርኩ። በመጨረሻ የዓምናውን ሰም ለማስለቀቅ አልኮል በጨርቅ ነክሬ ቀስ ብዬ ጠረግኩ። አልኮል የድሮውን ቀለምም ያነሳል፣ እጃችሁን አታክብዱ። ስጨርስ ግማሹ ስንጥቅ ስንጥቅ እንዳልነበር ገባኝ፤ መስመር ይዞ የደረቀ እድፍ ነው።

ለቀዳዳዋ ወንበሩን አወጣሁ። አዲስ ዓይነት መኪና ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ፤ ወንበሩ ውስጥ ኤርባግ ካለ መጀመሪያ ባትሪውን ንቀሉ፣ ጥቂት ደቂቃም ሳትቆዩ የኤርባጉን ቢጫ ሶኬት አትነካኩ። ሽፋኑን ከፍሬሙ ላይ በፒንሳ ሳላቅቅ ከስፕሪንጉ በላይ ያለው ንጣፍ በጎማ የተያያዘ ቃጫ ሆኖ አገኘሁት። በግራ በኩል ዱቄት ሆኗል። ወንበሩ ወደ በር የሚያጋድለው ለካ በዚህ ነው። የደቀቀውን ቆርጬ ጠንከር ባለ ስፖንጅ ሞላሁት።

ልጥፉን ጋሼ ናቸው ያሳዩኝ። የበግ ቆዳ ይዤ ነበር፤ "ይሄ ለጓንት ነው፣ ለወንበር ይሳሳል" ብለው የከብት ሰጡኝ። የቁራጩን ዳር በጫማ ቢላ ዙሪያውን ላጡት፤ ዳሩ ወረቀት እስኪመስል ድረስ። ካልሳሳ ጠርዙ ከላይ ጎልቶ ይታያል። ማስቲሹን በሁለቱም በኩል ቀብቼ፣ እጅ ላይ መያዝ ሲያቅተው ከጀርባ ለጥፌ ተጫንኩት።

ስንጥቁን መሙላት ላይ ተሳስቻለሁ። ለቆዳ የተሠራውን መሙያ ከአሜሪካ የመጣች የአክስቴ ልጅ አምጥታልኝ፣ ቸኩዬ በአንዴ ወፍራም አድርጌ ደፋሁት። ደርቆ ስቀመጥበት ተሰነጠቀ። ፍቄ እንደገና ጀመርኩ። በሁለተኛው ስስ ስስ እያደረግኩ አምስት ጊዜ፣ በመሃሉ እያደረቅኩና በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት እያለሰለስኩ ሠራሁት። ይሄ እስካሁን ይዟል። የቦዲ ስቱኮ እንዳትሞክሩ፤ ስለማይታጠፍ ይፈረካከሳል።

ቀለሙ በውሃ የሚሟሟ የቆዳ ቀለም ነው። ቡናማ ላይ ጥቂት ቢጫ፣ ከዚያ ጥቁር በጠብታ። እርጥብ ሲሆን ፈካ ብሎ ይታያል፣ ሲደርቅ ይጠቁራል። ስለዚህ ያችን ከወንበሩ ሥር የቆረጥኳትን ቁራጭ አጠገቡ አስቀምጬ፣ ትርፍራፊ ቆዳ ላይ ቀብቼ አድርቄ ነው ያመሳሰልኩት፤ ያውም ጠዋት በፀሐይ ብርሃን፣ በአምፖል አይደለም። በስፖንጅ ጠቅ ጠቅ እያደረግኩ አራት ስስ ዙር ቀባሁ። በየመሃሉ የእህቴን ፀጉር ማድረቂያ ተጠቀምኩ። መዳፌን የሚለበልበኝ ከሆነ ለቆዳውም በዝቷል ማለት ነው፤ በሙቀት የተኮማተረ ቆዳ አይመለስም። ከላይ የማያብረቀርቀውን መከላከያ ደረብኩ። ሦስት ቀን ማንም አልተቀመጠበትም።

አሁን አራት ወር ሊሆነው ነው። ነጭ ጨርቅ አርጥቤ ብፈትገው ምንም አይለቅም። ባለቤቴ በነጭ ልብስ ተቀምጣበታለች። ልጥፏን የት እንዳለች የማያውቅ ሰው አያገኛትም። በበሩ በኩል ያለው ጉብታ ላይ ግን አንዲት ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ተመልሳለች፤ ስገባ የምንሸራተትበት ቦታ ነው። አሁን መጀመሪያ ተቀምጬ ከዚያ እግሬን አስገባለሁ።

የቀረኝ የጠርዙ ገመድ ነው፤ ውስጡ ያለው ክር ተበልቶ ወጥቷል፣ መስፋት ገና አልደፈርኩም። የገቢናውን ሌላ ወንበር ከክረምት በኋላ እይዘዋለሁ፣ በዝናብ ቀለሙ ቶሎ አይደርቅም። የተረፈውን ቀለም በጠርሙስ አሽጌ፣ ስንት ጠብታ ጥቁር እንደጨመርኩ ክዳኑ ላይ ጽፌ አስቀምጫለሁ።