ቤቱ ሲፈርስ ፊልማችን ግማሽ ላይ ነበር

ፊልም ሥራ ላይ የኔ ድርሻ ኮንቲኒዩቲ ነው፤ በተለያየ ቀን የተቀረጸው እንዲገጣጠም መከታተል። ተዋናዩ ሲኒውን በየትኛው እጁ እንደያዘ፣ የተዋናይቷ ሻሽ በየት በኩል እንደታሰረ የምጽፈው እኔ ነኝ። ቀረጻው ቶሎ ካለቀ ቀላል ሥራ ነው። የኛ ግን ዓመታት ፈጀ።

በጀት ስላልነበረን የምንቀርጸው ቅዳሜና እሁድ ነው። ጥር ሲገባ ካሜራማኑ የለም፣ ሠርግ ላይ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሠርጉ ይቆምና ካሜራማናችን ይመለሳል። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ንግግር አይቀረጽም። በመሃል ዋናው ተዋናይ የቴሌቪዥን ድራማ አገኘና ጺሙን ተላጨ። ምን ይባላል? እዚያ ይከፈለዋል።

ተስፋ ስንቆርጥ ዳይሬክተሩ የሚያነሳልን ፊልም ሠሪውን ኃይሌ ገሪማን ነው። «ጤዛ» የተባለ ፊልሙን እውን ለማድረግ 14 ዓመት ፈጅቶበት፣ በ2009 እ.ኤ.አ. ፌስፓኮ የተባለውን የአፍሪካ ፊልሞች ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት ወሰደ ይለናል። እውነቱን ነው። ግን ኃይሌ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር፤ እኛ የቤት ኪራይ አለብን።

የፊልሙ ግማሽ የሚካሄደው ፒያሳ፣ አንድ አሮጌ ቤት ሳሎን ውስጥ ነው። መጋቢት 2016 ላይ የኮሪደር ልማቱ ሠፈሩን ማፍረስ ሲጀምር የሳሎኑ ትዕይንቶች ገና አላለቁም። የቤቱ እናት ደወሉ።

«ልጆቼ፣ ዕቃችሁን ኑና አንሱ።»

«እማማ፣ እስከ ቅዳሜ አይቆይም?» አለ ዳይሬክተሩ።

«እኔንስ መች ጠየቁኝ ልጄ?»

እሳቸውን አስፈቅደን በሩንና አንዱን የመስኮት መዝጊያ ይዘን ወጣን። ቀሪውን ትዕይንት ቃሊቲ በሚገኝ መጋዘን ውስጥ የሳሎኑን አንድ ጥግ ሠርተን ልንጨርስ ተስማማን። እኔ ዘንድ የግድግዳው ፎቶ ሞልቷል። ግን አንዱ የጠዋት፣ ሌላው የማታ፣ ሌላው በመብራት የተነሳ ነው። አረንጓዴው ቀለም በሦስቱም ሌላ ሌላ ነው። ቀቢው ተናዶ «አንዱን ምረጡልኛ!» አለ።

ግድግዳውስ ከሩቅ ያልፋል። ድምፁ ነው ያስቸገረው። መጋዘን ውስጥ ሰው ሲያወራ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ይመስላል። ብርድ ልብስ ሰቀልን፣ ፍራሽ ደረደርን፤ ማስተጋባቱ ቀነሰ፣ ግን ፒያሳ አልሆነም። ያዳነን የድምፅ ባለሙያው ነው። ሳሎኑ ውስጥ በቀረጽን ቁጥር ምሳ ሊቀርብ ሲል «አንድ ደቂቃ ዝም በሉልኝ» ይልና ባዶውን ክፍል ይቀርጻል። ፕሮዲዩሰሩ «ዝምታ ምኑ ይቀረጻል?» እያለ ሲያጉረመርም ነበር። ያ ዝምታ ለካ ዝምታ አይደለም። ጣሪያው ላይ የሚራመዱ እርግቦች፣ ከሩቅ የታክሲ ረዳት ጥሪ፣ የሚንቋቋ ወለል አለበት። ኤዲተሩ ከመጋዘኑ ንግግር ሥር ሲያነጥፈው ሁለቱ ክፍሎች አንድ ሆኑ።

በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲተመን ተወሰነ። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ሃርድ ዲስክ የምንገዛበት ገንዘብ ገመዱን እንኳ አልገዛም። ኤዲቲንጉ እንደገና ቆመ።

አሁን የቀረጻ ፕሮግራም ስናወጣ መጀመሪያ የምንጠያየቀው «የትኛው ቀድሞ ይጠፋል?» ብለን ነው። ቤቱ? ጺሙ? ድምፁ ሊጎረምስ የደረሰው ልጅ? ቀድሞ የሚጠፋው ቀድሞ ይቀረጻል፣ የመብራቱ ኪራይ ቢወደድም። ፕሮዲዩሰሮች አይወዱትም፤ አንድ ቦታ ሁለቴ መመላለስ ነዳጅ ይበላል። ልክ ናቸው። ግን ነዳጅ ይገዛል።

ፊልሙ በመጨረሻ ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ታየ። ስለ ቤቱ ያነሳ የለም። ተዋናዩ ግን ጺሙን አንዠርግጎ ከውጭ በሩን ከፍቶ፣ ጺሙ አጥሮ ሳሎን ሲገባ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ዳይሬክተሩ ዞር ብሎ አየኝ። እኔማ ጽፌዋለሁ። ጺም እስኪበቅል የምንጠብቅበት በጀት ነው የጠፋው።