የምከፍልባቸውን አገልግሎቶች አንድ በአንድ ሳጠፋ፦ የ7 ወር ማስታወሻ ከጅማ

ሐምሌ ላይ የዓመቱን ሒሳብ ስዘጋ አንድ ገጽ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ከላይ «ኦንላይን» ብዬ የጻፍኩበት ገጽ ነው። ደመርኩት። አላመንኩምና ደግሜ ደመርኩት። በዓመት ለቫርኒሽና ለብርጭቆ ወረቀት ካወጣነው ይበልጣል።

ለማታውቁን፣ ጅማ ሂርማታ አካባቢ ነን። አባቴና ሁለት ወንድሞቼ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ይጠርባሉ፣ እኔ ትእዛዝ እቀበላለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ፣ እልካለሁ። ሐሙስ የገበያ ቀን ስለሆነ ሱቁ ጋ ነኝ፣ ሌላውን ቀን ስልኬ ላይ ነኝ።

እዚያ ገጽ ላይ ስድስት ነገር ነበር፦ ዌብሳይት፣ የዲዛይን መተግበሪያ፣ ለሦስት ሰው የሥራ ኢሜይል፣ ዙም፣ የሒሳብ ፕሮግራም፣ የፎቶ ማስቀመጫ። በወር ወደ 70 ዶላር ይመጣል። አንዱንም ቁጭ ብዬ አስቤበት አልጀመርኩትም። «የመጀመሪያው ወር ነጻ ነው» እያለ ገባ፣ ከዚያ ቀረ። የምከፍለውም አሜሪካ ባለችው የአክስቴ ልጅ ካርድ ነው። እኔ እዚህ ለቤተሰቧ በብር እሰጣለሁ። እሷ ካርድ በቀየረች ቁጥር አንድ ነገር ይዘጋብኛል፣ ሌሊት እደውልላታለሁ። ይህም ወጪ ነው፣ የትም አይጻፍም እንጂ።

በዚያ ላይ ምንዛሪው አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እኔ ምንም ሳልጨምር ወጪዬ ወደ እጥፍ ተጠጋ። በርጩማውን በአንድ ጊዜ እጥፍ ላድርገው ብል ማን ይገዛኛል?

ስለዚህ አንድ ነገር ለመሞከር ወሰንኩ። በየወሩ አንድ አገልግሎት አጠፋለሁ። ከማጥፋቴ በፊት ውስጡ ያለውን ሁሉ አውርጄ አስቀምጣለሁ። ከዚያ እኔም ሆንኩ ደንበኛ «እሱ ቢኖር ኖሮ» ባልን ቁጥር ደብተሬ ላይ አንድ ሰረዝ አሰምራለሁ። ወሩ ሲያልቅ ሰረዙን እቆጥራለሁ።

ነሐሴ ላይ ዙም ጠፋ። ሰረዝ የለም። ነጻው 40 ደቂቃ ይሰጣል፣ እኛ ከ15 ደቂቃ በላይ ያወራነው ደንበኛ የለም። ለምን እንደከፈልኩበት እስካሁን አይገባኝም።

መስከረም ላይ የዲዛይን መተግበሪያውን አጠፋሁ። ይህኛውን ፈርቼው ነበር። በዓል ነው፣ ሰው ስጦታ ይገዛል፣ ቆንጆ ፖስተር ያስፈልጋል ብዬ። የመጀመሪያው ሳምንት አራት ሰረዝ አሰመርኩ፣ አራቱም የራሴ ናቸው። ከዚያ አዲስ አበባ ያሉ አንዲት እናት በቴሌግራም ጻፉልኝ። ካለፈው ዓመት ፖስተሮች አንዱን ላኩላቸው፣ ወርቃማ ጽሑፍ፣ ከጀርባው ጥላ ያለው። ዝም አሉ። ትንሽ ቆይተው በድምፅ «የኔ ልጅ፣ እስቲ ገልብጠሽ አሳዪኝ» አሉኝ።

በርጩማውን ወደ ደጅ አወጣሁት። የጠዋት ፀሐይ ነበር። ገልብጬ እግሮቹ ከመቀመጫው ጋር የሚገናኙበትን ቦታ በቅርብ አነሳሁላቸው። የኛ በርጩማ ከአንድ ግንድ ዋንዛ ተጠርቦ ነው የሚወጣው። ሚስማር የለውም፣ ኮላ የለውም፣ የእንጨቱ መስመር ከመቀመጫው ሳይቋረጥ እስከ እግሩ ይወርዳል። ሴትዮዋ ሊያዩ የፈለጉት ያንን ነበር። ሦስት አዘዙ፣ ቀብዱን በቴሌብር ወዲያው ላኩ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን በርጩማ ገልብጬ አነሳለሁ፣ ደጅ፣ ከ3 ሰዓት በፊት። ጽሑፉን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ራሴ ከሥሩ እጽፋለሁ። ዲዛይኑ አልተመለሰም።

በነገራችን ላይ በዌብሳይት ላይ የክፍያ መቀበያ እንድጨምር ብዙ ሰው መክሮኛል። ለኛ አላስፈለገም። ቴሌብር ግንቦት 2013 ከተጀመረ ወዲህ ደንበኞቻችን ቀስ በቀስ ለምደውታል። ካልሆነ በባንክ ይልካሉ፣ ስክሪንሾት ይመጣል፣ እኔ ገንዘቡ መግባቱን አይቼ እልካለሁ።

ጥቅምት የሒሳብ ፕሮግራሙ ተራ ነበር። ፕሮግራሙ መጥፎ አይደለም። ግን ዓመቱን ከጃንዩዋሪ ይጀምራል፣ የኛ የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ቀኑን በፈረንጅ አስገባለሁ፣ ደረሰኙ በኛ ነው፣ በየወሩ መጨረሻ ሁለቱን ሳስታርቅ አመሻለሁ። ጉግል ሺት ላይ አምስት ዓምድ ሠራሁ፦ ቀን፣ ከማን፣ ምን፣ ገቢ፣ ወጪ። ሠራተኛ ብዙ ላለው፣ ስቶኩ ለበዛ ይህ አይበቃውም። እኛ ግን በወር 40 በርጩማ ነው የምንሸጠው።

ኅዳር ላይ ከሦስቱ ኢሜይል ሁለቱን ዘጋሁ። ወንድሞቼ ፓስወርዳቸውን እንኳ አያስታውሱትም ነበር። አንዱን ግን አስቀረሁት። ሆቴሎችና ድርጅቶች ዋጋ ማቅረቢያ ሲጠይቁ በራስ ስም የተላከ ኢሜይል ይፈልጋሉ፣ ይህንን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ታኅሣሥ ላይ ተሳሳትኩ፣ በደንብ ልንገራችሁ። የፎቶ ማስቀመጫውን አጠፋሁ። የድሮው ጂሜይሌ ላይ ያለ ነው፣ ለ100 ጊጋባይት በወር 2 ዶላር አካባቢ። ፎቶውን ሁሉ ላፕቶፕ ላይ ስላወረድኩ ምን ይጎድለኛል አልኩ። ያላሰብኩት፣ ጉግል በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ለፎቶ፣ ለድራይቭና ለጂሜይል በጋራ ነው። ከ2021 ጀምሮ ፎቶም ከዚያው ይቆጠራል። ከዚያ ካለፈ ኢሜይል መላክም መቀበልም ይቆማል። የኔ ፎቶ ብቻ ከ15 በላይ ነበር። በዘጠነኛው ቀን አንድ የቆየ ደንበኛ ደወለ፦ «የላክሁልሽ ትእዛዝ ተመልሶ መጣብኝ፣ ሥራ አቆማችሁ እንዴ?» የ12 በርጩማ ትእዛዝ ነበር። ስልኬን ባያውቅ ኖሮ ለሌላ ይሄድ ነበር። በዚያው ቀን ከፈልኩ። ከዚያ ደግሞ በወንድሜ ስልክ ገብቼ አምስት የድሮ ፎቶ ከፍቼ አየሁ። ተቀምጧል ማለትና ሲፈለግ ይከፈታል ማለት አንድ እንዳይመስላችሁ።

ጥር ላይ ዌብሳይቱን አወረድኩ። አድራሻውን ወደ ቴሌግራም ቻናላችን አዞርኩት። ሁለት ሰረዝ መጣ፣ ሁለቱም ቴሌግራም ከማይጠቀሙ ውጭ አገር ያሉ ሰዎች። ስለዚህ ጉግል ሳይትስ ላይ በነጻ አንድ ገጽ ሠርቼ የራሳችንን አድራሻ አገናኘሁት። ስልክ፣ ስምንት ፎቶ፣ ካርታ። ካርታው ላይ መመዝገብም ነጻ ነው። ጅሬን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ሊያዩ የመጡ እንግዶች በሱ እየተመሩ ሱቃችን ደርሰዋል።

አድራሻውን ግን አልነካሁትም። ምክንያቱም አንድ ጊዜ ተቃጥለንበታል።

ከሦስት ዓመት በፊት የመጀመሪያውን ዌብሳይት አንድ ባለሙያ ሠራልን። ዶሜይኑን፣ ማለትም የዌብሳይቱን አድራሻ፣ በራሱ ኢሜይል፣ በራሱ አካውንት አስመዘገበው። እኔ ልዩነቱን አላውቅም ነበር። በየዓመቱ ገንዘቡን እንልክለታለን፣ እሱ ያድሳል። አንድ ዓመት ስልኩ አልነሣ አለ። የዶት ኮም አድራሻ ጊዜው ሲያልፍ ወዲያው አይጠፋም፣ ብዙ የአድራሻ ሻጮች እስከ 45 ቀን ይታገሣሉ፣ ከዚያ በኋላም 30 ቀን በተጨማሪ ክፍያ የማስመለሻ ጊዜ አለ። ይህን ሁሉ ማድረግ የሚችለው ግን አካውንቱ የተከፈተበት ሰው ነው። እኛ ቆመን አየን። ጊዜው አለቀ፣ ሌላ ሰው ወሰደው።

ያሳመመኝ ዌብሳይቱ አይደለም። አባቴ ያንን አድራሻ በጋለ ብረት በእያንዳንዱ በርጩማ ሆድ ላይ ይተኩሰው ነበር። ወደ 200 በርጩማ በሰው ቤት ተቀምጧል፣ ገልብጠው ቢያዩት የኛ ያልሆነ ገጽ ይከፍትላቸዋል። ዋንዛ ደግሞ ልጅ ልጅን ያስቀምጣል፣ ጽሑፉም አብሮት ይኖራል።

እባካችሁ ዛሬውኑ እዩ። የዌብሳይት አድራሻዎችን በዓለም ደረጃ የሚያስተባብረው አይካን (ICANN) የሚባለው ተቋም የፍለጋ ገጽ ላይ አድራሻችሁን ብትጽፉ የት እንደተመዘገበና መቼ እንደሚያልቅ በነጻ ያሳያችኋል። ከዚያ አካውንቱ በማን ኢሜይል እንደተከፈተ ጠይቁ። በሌላ ሰው ከሆነ በሰላሙ ጊዜ ተቀበሉት፣ ሰውየው ስልክ እያነሣ ሳለ።

አሁን የምከፍለው ለሦስት ነገር ነው፦ ለዶሜይኑ፣ ለአንድ ኢሜይል፣ ለፎቶ ማስቀመጫው። በወር 10 ዶላር አካባቢ። የአክስቴን ልጅም ሌሊት መቀስቀስ ቀርቷል፣ ሁሉንም በዓመት አንዴ ነው የምንከፍለው። አዲሱን ዶሜይን ግን የካቲት ላይ አንድ ጊዜ ለአምስት ዓመት አሳደስኩት። እስከ አሥር ዓመት ይቻላል፣ አቅሜ አምስት ነበር።

ባለፈው ሳምንት አዲሱ ብረት ከበያጁ መጣ። አባቴ ከሰሉ ላይ አድርጎት ሲግል ይጠብቃል። ዞር ብሎ «ይሄኛውስ የራሳችን ነው?» አለኝ። ስልኬን አውጥቼ አካውንቱን ከፍቼ አሳየሁት። ስሙ ተጽፏል፣ የራሱ ስም፣ ከነአያቱ። መነጽሩን አድርጎ ቀስ ብሎ አነበበው። ከዚያ ብረቱን አነሣ።