ጋዋን ለብሼ የቀረሁ ዕለት

እህቴ ከዳላስ ደወለች። «እማዬ 70 ዓመቷ ነው። ፈረንሳይ አምጥቻት መርከብ ላይ አንድ ሳምንት እናሳልፋለን። አንተም ትመጣለህ፤ ቋንቋ የምትችለው አንተ ነህ» አለችኝ።

የኔ ፈረንሳይኛ የወጥ ቤት ፈረንሳይኛ ነው። ፓሪስ ውስጥ ስድስት ዓመት ሰሃን አጥቤበታለሁ። «ትኩስ ነው!»፣ «ከኋላህ ነኝ!»፣ «ይሄ ሹካ አልጠራም!» እነዚህን እንደ ውሃ እጠጣቸዋለሁ። ከዚያ ያለፈው በእጅና በቅንድብ ነው። ይህን ለእህቴ አልነገርኳትም። በነጻ የመጣ ሽርሽር ማን ይገፋል?

መርከብ ስትለኝ ደግሞ የታየኝ ያ ቲቪ ላይ የምናውቀው ነው። አሥራ አምስት ፎቅ፣ አናቱ ላይ መዋኛ ገንዳ። ከዲዦን በሚኒባስ ወስደው ሲያወርዱን የጠበቀን ግን ቦይ ነው። በቃ፣ ቦይ። ግራና ቀኙ ሣር፣ ሣሩ ላይ ነጫጭ ላሞች፣ ውሃው ላይ አንዲት ረዥም ሸንቃጣ ጀልባ። ርዝመቷ 38 ሜትር፣ ወርዷ 5 ሜትር ገደማ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየቻት።

«በዚች ነው ወደ መርከቡ የምንሄደው?» አለች።

ካፒቴኑ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር አደረገ። አካባቢው ቡርጎኝ ይባላል፤ የቡርጎኝ ቦይ 242 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። 189 የውሃ በሮች አሉት። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1775 ተጀምሮ፣ መሀል ላይ የፈረንሳይ አብዮት አቋርጦት፣ ከዳር እስከ ዳር የተከፈተው በ1832 ነው። ቁጥር ስለሆነ ጥሩ አድርጌ ተረጎምኩ።

«57 ዓመት?» አለች እናቴ። «እኛ ደግሞ ኮንዶሚኒየሙን እናማለን።»

ካፒቴኑ ቀጠለ። ጀልባዋ በወጣትነቷ እህልና የድንጋይ ከሰል ትጭን ነበር። እናቴ ይሄን ጊዜ ነቃ አለች። እህል በረንዳ ሠላሳ ዓመት የነገደች ሴት ናት። «ስንት ኩንታል ትይዝ ነበር በለው።» ጠየቅኩት። 250 ቶን ገደማ አለ።

«2,500 ኩንታል» አለች፣ እኔ ስልኬን ሳላወጣ። «እና ይሄን ሁሉ እህል አራግፈው ስምንት ሰው ጫኑባት? ከስረዋል!»

እኔና እህቴ ተያየን። እያንዳንዳችን ስንት ሺህ ዩሮ እንደተከፈለብን ብታውቅ ኖሮ የከሰረው ማን እንደሆነ ይገባት ነበር። እኛ የነገርናት ሦስት መቶ ዶላር ብለን ነው። እሱንም «ተወደደ» ብላለች።

ክፍሎቹ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከፓሪስ ቤቴ ይሰፋሉ። አልጋው ላይ ወፍራም ነጭ ጋዋን ተጣጥፎ ተቀምጧል፣ ከሻወር በኋላ የሚለበሰው። ነጠላ ጫማም አለው። ለብሼ ወጣሁ። እናቴ ከላይ እስከ ታች አይታኝ በረዥሙ ተነፈሰች።

«ዶክተር ብትሆንልኝ እንዲህ ነበር የምታምረው» አለች።

ይሄ የቆየ ጉዳያችን ነው። ዶክተርነቱን ካስረሳኋት ወዲህ የወረደችው ወደ «ቋሚ ሥራ» ነው። በየሳምንቱ እሑድ ትደውላለች። «ቋሚ ሥራ አገኘህ? የመንግሥት ብታገኝ ይሻልሃል።» እኔ ደግሞ ቀን ሰሃን አጥባለሁ፣ ማታ በብስክሌት ምግብ አደርሳለሁ። ከሁለቱ አንዱም ጡረታ ያለው አይመስላትም።

ዋናው ችግር የመጣው እራት ላይ ነው። እህቴ የዓመት ፈቃዷን አይታ ስታስይዝ የዘመን መቁጠሪያውን አላየችም። ፍልሰታ ገብቷል። እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳን በአፏ አይዞርም፤ ከዚያም በኋላ ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ ቅቤ የለ። ያለንበት አገር ቡርጎኝ ነው። እዚህ አገር አየሩም ቅቤ አለው።

ለሼፉ አስረዳሁት። ቅቤ የለም ስለው ፊቱ የመርዶ ያህል ተለወጠ። አይብም? አይብም። ክሬምስ? እሱም። ትንሽ አሰበና ዓይኑ በራ። ቀንድ አውጣ ቢሆንስ? ሥጋ አይደለም እኮ! የአገሩ ኩራት ነው፣ በነጭ ሽንኩርትና በፐርስሜሎ ይሠራል፤ ለእመቤት ሲባል ቅቤውን በዘይት እቀይራለሁ።

«ምን አለ?» አለች እናቴ።

ነገርኳት።

«ለሱ ጾም ባይኖርም እኔ ጾመኛ ነኝ በለው።»

እኔ «በጣም ታመሰግናለች» ብዬ ተረጎምኩ።

ያዳነን ሰናፍጭ ነው። ዲዦን ማለት የሰናፍጭ ከተማ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ አንድ ብልቃጥ ተቀምጧል። እናቴ በቢላዋ ጫፍ ነካ አድርጋ ቀመሰች። አፍንጫዋን ይዛ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ሰናፍጭ!» አለች፣ የጠፋ ዘመድ እንዳገኘ ሰው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዳቦ፣ በድንች፣ በባቄላ፣ በሁሉም ሰናፍጭ ሆነ። ሼፉ ደስ ብሎት የተለያየ ዓይነት ያመጣ ጀመር። እህቴ በበኩሏ «መንገደኛ ነኝ» ብላ የበሬ ሥጋ በቀይ ወይን የተቀቀለውን ትበላለች። የመንገደኛነቷ ነገር በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር በምትሄድ ጀልባ መሆኑን እናቴ ሳታነሳ አላለፈችም።

በማግስቱ ከሰዓት በሚኒባስ ወደ ወይን እርሻው ወሰዱን። ክሎ ደ ቩዦ የሚባል በድንጋይ የታጠረ እርሻ አለ። ድሮ የመነኮሳት ነበር። ስፋቱ 50 ሄክታር ገደማ ሲሆን፣ ባለቤቶቹ ዛሬ 80 ያህል ናቸው። አንዳንዱ ያለው ጥቂት መስመር ነው።

«ከአንድ ጋሻ ትንሽ ይበልጣል» አለች እናቴ። «ለ80 ሰው? ይሄማ የወንድማማች ርስት ነው። አባት ሲሞት ተካፍለውት ነው።»

ለአስጎብኚዋ ብነግራት ሳቀች። ነገሩ እውነት ነው። መጀመሪያ ያልተበታተነ ነበር፤ በኋላ በሽያጭና በውርስ እየተቆራረሰ እዚህ ደረሰ። የፈረንሳይ ሕግ ለልጆች ሁሉ ድርሻ ይሰጣል። እናቴ በድል ዓይን አየችን። እናታችን ሰሜን ሸዋ ያላትን ቁራሽ መሬት እኔና እህቴ እንደማንጠይቅ ለማስማል ያመጣችን ነው የመሰለኝ።

ከዚያ እዚያው አካባቢ ባለችው ቦን ከተማ ምድር ቤት ወርደን የወይን ጠጅ ቅምሻ ሆነ። ብርጭቆ ይቀርባል፣ ይሸተታል፣ አፍ ውስጥ ይንከባለላል፣ ከዚያ ባልዲ ውስጥ ይተፋል። ሥርዓቱ ነው፤ ካልተተፋ አሥረኛው ላይ ማንም አይደርስም። ሰባ ዓመት የሞላቸው የእንግሊዝ ባልና ሚስት እንደ ቧንቧ ቀጥ አድርገው ይተፋሉ።

«ተበላሽቷል እንዴ?» አለችኝ እናቴ በሹክሹክታ።

እኔ መትፋት አቃተኝ። በሰው ቤት፣ ባለቤቱ ፊት ለፊት ቆሞ፣ የቀዳውን መትፋት? ያሳደገችኝ ሴት አጠገቤ ቆማለች። ይሉኝታ ያዘኝና ዋጥኩ። ሻርዶኔውን ዋጥኩ። ፒኖ ኗሩን ዋጥኩ። ስምንተኛው ላይ ባልዲው ራሱ ያሳዝነኝ ጀመር። እናቴ «ጎሽ፣ አላሳፈርከኝም» አለች። ሚኒባሱ ውስጥ ስገባ አስጎብኚዋን «ትኩስ ነው! ከኋላሽ ነኝ!» እንዳልኳት እህቴ ዛሬም ትምላለች።

ጠዋት ስነቃ ራሴን ሙቀጫ ውስጥ አገኘሁት። ልብስ የመልበስ አቅም የለኝም። ያንን ነጭ ጋዋን ደርቤ፣ ነጠላ ጫማዋን አጥልቄ አየር ልወስድ ወደ ላይ ወጣሁ። እዚያ ስደርስ አንድ የውሃ በር ውስጥ ገብተን ቆመናል።

ነገሩን ላስረዳ፣ አለዚያ የሆንኩት አይገባችሁም። የውሃ በር ማለት ሁለት በር ያለው የድንጋይ ሳጥን ነው። ቁልቁል ስትሄዱ ሳጥኑ በውሃ ሞልቶ ይጠብቃችኋል። ትገባላችሁ፣ የኋላው በር ይዘጋል። ጠባቂው እጀታ ያዞርና ከፊት በኩል ውሃው ይለቀቃል፤ ጀልባዋም ከውሃው ጋር ትወርዳለች። ከዚያ የፊቱ በር ተከፍቶ ጉዞ ይቀጥላል። እንግዲህ ስትገቡ የጀልባዋ ወለልና ሣሩ እኩል ናቸው። ስትወጡ ግን እኩል አይደሉም።

ይህን ያኔ አላወቅኩም።

«ወርደህ አንሳን!» አለች እህቴ። ኮረብታው ላይ የሻቶኔፍ ግንብ ይታያል፤ ከነግንቡ፣ ከነጀልባው እንዲገባ ነው የምትፈልገው። አንድ እርምጃ ተራምጄ ሣሩ ላይ ወጣሁ። 38 ሜትር አይገባም። ወደ ኋላ ሄድኩ። አሁንም አይገባም። የባሰ ሄድኩ። አሁን ሁሉም ገባ። እናቴ መሀል ላይ ናት። ቀጥ ብላ ቆማለች። «ፈገግ በይ» አልኳት።

አንድ አነሳሁ። ሁለተኛውን ሳነሳ እናቴ አጠረች። ራሴ እየዞረ መስሎኝ ስልኬን አስተካከልኩ። ሦስተኛው ላይ ወገቧ ጠፋ። አራተኛው ላይ ነጠላና ዓይን ብቻ ቀረ። ስልኬን አውርጄ ብሮጥ ጀልባዋ ሦስት ሜትር ያህል ጉድጓድ ውስጥ ናት፤ እናቴ ከሥር ሆና ወደ ላይ ታየኛለች።

«አንተ ልጅ፣ ምን ትሠራለህ እዚያ?»

ልዘል ስል ካፒቴኑ ጮኸ። ንግግሩ ፈጣን ቢሆንም «ሞኝ» የሚለው ቃል ወጥ ቤታችን ውስጥ በብዛት ስለምንጠቀምበት ገባኝ። በእጁ ወደ ፊት አመለከተ። ቀጣዩ በር ላይ ጠብቀን! በሩ ተከፈተ። ጀልባዋ ቀስ ብላ ወጣች። እንግሊዞቹ ብርጭቆ አነሱልኝ።

ከቦይው ጎን መንገድ አለ። ድሮ ፈረስና ሰው ጀልባ የሚጎትቱበት ነው፤ ዛሬ የብስክሌተኛ ነው። በዚያ ላይ በጋዋን ጉዞ ጀመርኩ። ሙሉ ቤተሰብ በብስክሌት መጣ፤ አባትየው «ቦንዡር» አለኝ፣ ልጆቹ አልመለሱልኝም። ዓሣ የሚያጠምድ ሽማግሌ አየኝና ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ክሩ ተመለሰ። ዝም ማለቱ ከስድብ ይከብድ ነበር። ቀበቶዋን ደህና አድርጌ አሰርኩ። ከሥሩ ምን እንደለበስኩ አትጠይቁኝ።

አሳፋሪው ነገር ጀልባዋን መቅደሜ ነው። በነጠላ ጫማ! ራስ ምታት ይዞኝ! ሰዉ በሺህ ዩሮ የከፈለባትን ጀልባ በእግሬ ጥያት ቀጣዩ በር ላይ ደረስኩ። እዚያ ደግሞ ከታች የመጣች ትንሽ ጀልባ ሳጥኑ ውስጥ ገብታለች፤ ሽቅብ ናት። ጠባቂው ለክረምት ሥራ የተቀጠረ ተማሪ ነው። ብቻውን ከዚህ ወዲያ ይሯሯጣል። ሲያየኝ ጋዋኑን እንኳን አልጠየቀም። «ያንን እጀታ ትይዝልኛለህ?» አለኝ።

ያዝኩ። አዞርኩ። ውሃው ገባ፣ ጀልባዋ ወጣች፤ በሩን በጀርባዬ ገፋሁት። ለነገሩ ደስ ይላል። በጀልባዋ ያሉት አሮጊት ሲያልፉ እጃቸውን ዘርግተው አምስት ዩሮ አስጨበጡኝ። ለጠባቂ ጉርሻ መስጠት የተለመደ ነው፤ ነጩ ጋዋን የደንብ ልብስ መስሏቸዋል። እኔም «ሜርሲ ማዳም» ብዬ ኪሴ ከተትኩ። ጋዋኑ ኪስ አለው።

ቀና ስል የኛዋ ጀልባ እየገባች ነው። እናቴ አፍንጫው ላይ ቆማለች። አየችኝ። ነጭ ለብሻለሁ፣ እጄ እጀታው ላይ ነው፣ ገንዘብ ተቀብያለሁ።

«ሥራ ሰጡህ?» አለች።

«ኧረ እማዬ፣ ዝም ብዬ…»

«ይሄ ቦይ የማን ነው? ጠይቀው።»

ተማሪውን ጠየቅኩት። የመንግሥት ነው አለ።

እናቴ ከዚያ በኋላ ያልኳትን አልሰማችም። እልል አለች። ላሞቹ ቀና አሉ። እንግሊዞቹ አጨበጨቡ። እኔ ጋዋኔን ሰብስቤ ስሳፈር እሷ ስልኳን አውጥታ አዲስ አበባ ትደውል ነበር።

ባለፈው እሑድ አጎቴ ደወለ። እንኳን ደስ አለህ ካለኝ በኋላ ድምፁን ዝቅ አደረገ። የልጁን የትምህርት ማስረጃ በየትኛው ኢሜይል እንደሚልክልኝ ጠየቀኝ።