ግንባር ላይ የሚለጠፍ ብር

ሰሞኑን አመሻሽ ላይ በጣና ዳር ስመላለስ የአንድ ወጣት ድምፃዊ ክሊፕ ሲቀረጽ ደረስሁ። ልጁ ጋቢ ደርቦ በደንገል ታንኳ ላይ ተቀምጧል፤ ከተማ ሰልችቶት ወደ ቀዬው የተመለሰ ጎበዝ ሆኖ እንደሚጫወት ከአለባበሱ ያስታውቃል። በእጁ ግን የታሸገ ውኃ ይዟል፤ ዳይሬክተሩም የጠርሙሱ ስም በትክክል ወደ ካሜራው እስኪዞር ድረስ አራት ጊዜ አስደገመው። ከአጠገቤ የቆሙ አንድ አዛውንት «ሐይቅ ላይ ተቀምጦ የታሸገ ውኃ?» ብለው ሳቁ።

ቤቴ ገብቼ ሳስበው ቅር ያሰኘኝ ልጁ ገንዘብ መቀበሉ አልነበረም። በባሕር ዳር አዝማሪ ቤት ያመሸ ሰው የተከፈለበትን ውዳሴ ያውቀዋል፦ ሸላሚው ተነሥቶ ብሩን በአዝማሪው ግንባር ላይ ይለጥፋል፣ አዝማሪውም ማሲንቆውን እየገዘገዘ ያወድሰዋል፣ ታዳሚው ደግሞ ግጥሙ ምን ያህሉ ከልብ፣ ምን ያህሉ ከኪስ እንደመጣ እያመዛዘነ ይሰማል። ብሩ በሁሉም ፊት ስለሚታይ ተታለልሁ የሚል የለም፤ እጁ ያጠረ ሸላሚም በሰምና ወርቅ መወጋቱ አይቀርለትም።

አሜሪካዊቷ ድምፃዊት ሌዲ ጋጋ እ.ኤ.አ. በ2010 ከቢዮንሴ ጋር የሠራችውን «ቴሌፎን» የተሰኘ ክሊፕ በዚህ ዓይን ደግሜ አየሁት። ዘጠኝ ደቂቃ በሚያልፈው በዚህ ሥራ የቨርጂን ሞባይል ስልክ፣ ሚራክል ዊፕ የተባለው የዳቦ ማባያና የፖላሮይድ ካሜራ በግላጭ ይታያሉ፤ ፖላሮይድ እንዲያውም በዚያው ዓመት መጀመሪያ ዘፋኟን የፈጠራ ዳይሬክተሩ አድርጎ ሾሟት ነበር። ጋጋ ግን የገጠር ልጅ ነኝ አላለችም፤ ገጽታዋ ሆን ተብሎ የተሠራ ትርኢት መሆኑን ከመጀመሪያው ስላልደበቀች፣ ሸቀጡ ከአልባሳቷ እንደ አንዱ ሆኖ ያልፍላታል። ያመራመረኝ ፀጉሯን የጠቀለለችባቸው የዳይት ኮክ ለስላሳ መጠጥ ጣሳዎች ናቸው። ሥራ አስኪያጇ በወቅቱ እንዳስረዳው ለእነርሱ ክፍያ አልነበረም፤ የእናቷን የቀድሞ የፀጉር አጠቃለል ለማስታወስ የገቡ ናቸው። የተከፈለበትና ያልተከፈለበት በአንድ ክሊፕ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ግን ተመልካች የእናትን ትዝታ ከማስታወቂያ በምን ይለየዋል? ስውር ማስታወቂያ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው በዚህ ነው፤ እውነተኛውንም ያስጠረጥራል።

በአገራችን ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ በአዋጅ ስለተከለከለ፣ በክሊፕ ውስጥ ስሙ ወደ እኛ ዞሮ የተቀመጠ የቢራ ጠርሙስ ባየሁ ቁጥር ማን አስቀመጠው ብዬ እጠይቃለሁ። የታንኳው ልጅ ክሊፕ መግቢያ ላይ ወጪውን የሸፈነው ድርጅት ስም በግልጽ ቢጻፍ ኖሮ፣ ጋቢውንም ዜማውንም ሳልጠራጠር እቀበለው ነበር።

ቀረጻው ሲያበቃ ልጁ ከታንኳው ወርዶ ጠርሙሱን ሳይከፍት ለአንድ ባለ ኮት ሰው መለሰና፣ ከሱቅ ሻይ አዝዞ ጠጣ።