ሽንኩርቱ ከመግባቱ በፊት፦ የመቻልን ምግብ ያስተካከልኩባቸው ስድስት ወራት

መቻል አራት ዓመት የሞላው የሐበሻ ውሻ ነው። በገና በዓል በአራተኛው ቀን ጠዋት ከተኛበት አልነሳም አለ። የግቢው በር ሲንኳኳ እንደ ልማዱ ከመሮጥ ይልቅ ጭራውን ብቻ አነቃነቀ። ከንፈሩን ገልጬ ሳየው ድዱ ገርጥቷል፤ ሽንቱ ደግሞ እንደ ቡና ጠቁሯል። ወደ ሕክምና ስወስደው የእንስሳት ሐኪሟ ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁኝ “ሰሞኑን ምን በላ?” ብለው ነበር። “እኛ የበላነውን ሁሉ፤ ዶሮ ወጡንም ጭምር” አልኳቸው። መልሱን ከእኔው አፍ አገኙት።

ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳሉ። ቢቁላላም፣ ቢደርቅም፣ ተፈጭቶ በሽሮና በበርበሬ ውስጥ ቢገባም ጉዳቱ አይቀርም። ለእያንዳንዱ ኪሎ የውሻው ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት በደሙ ላይ ጉዳት ለማድረስ ይበቃል፤ ያን ጊዜ 22 ኪሎ ይመዝን ለነበረው መቻል ከ330 ግራም ጀምሮ ማለት ነው። ሁለት ኪሎ ሽንኩርት የተቁላላበት ድስት ሦስት ቀን ሙሉ እየተጠረገ ሲቀርብለት ምን ያህል እንደበላ እናንተው አስሉት። ምልክቱ የሚታየው ከቀናት በኋላ ስለሆነም ብዙ ሰው ከምግቡ ጋር አያገናኘውም። መቻል በሕክምናና በዕረፍት ድኗል፤ ይህን ማስታወሻ መያዝ የጀመርኩት ግን ከዚያ ዕለት ጀምሮ ነው። ውሻ ለምታሳድጉ ወዳጆቼ የሚጠቅመውን ከውስጡ መርጬ አካፍላችኋለሁ።

የመጀመሪያው ፈተና እናቴን ማሳመን ነበር። “ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ የቤቱን ካልበላ የማንን ሊበላ ነው?” አለችኝ። ቅር መሰኘቷ ገብቶኛል፤ እርሷ ባደገችበት ቤት ለውሻ ማካፈል የደግነት ምልክት ነው። ስለዚህ “የቤታችንን አይበላም” ማለቱን ትቼ “የእርሱን ድርሻ ሽንኩርቱ ከመግባቱ በፊት እናውጣለት” አልኳት። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ከሁሉ በላይ ሠራች። ሥጋው ሲታጠብ፣ ሩዙ ሲቀቀል፣ ዱባው ሲከተፍ የመቻል ድርሻ ጨውና ቅመም ሳይነካው ለብቻው ይወጣል። አሁን ቢላዋውን ከማንሳቷ በፊት “የመቻል ወጥቷል?” ብላ የምትጠይቀው እርሷ ናት።

ሁለተኛው ነገር ክብደቱ ነበር። ውሻዬ ጤነኛ ሆኖ የወፈረ ይመስለኝ ነበር። ሐኪሟ እጃቸውን በጎኑ ላይ አሳርፈው “የጎድን አጥንቱን ይፈልጉት” አሉኝ። ሳልጫን ላገኘው አልቻልኩም። ሸንቃጣ ውሻ ጎኑ ሲዳሰስ የጎድን አጥንቱ በቀጭን ቆዳ ሥር በቀላሉ ይቆጠራል፣ ከላይ ሲታይም ወገቡ ገባ ይላል። ዒላማችን 18 ኪሎ ሆነ፤ እስኪደርስ ድረስ በቀን 700 ኪሎ ካሎሪ እንዲበላ ተወሰነለት። ሚዛን ከሌላችሁ አትቸገሩ፤ ውሻውን ታቅፋችሁ በሰው ሚዛን ላይ ቁሙ፣ ከዚያ የራሳችሁን ክብደት ቀንሱ።

ያን ጊዜ ነው ከምግብ ሰዓት ውጭ በእጅ የምንሰጠውን ማባበያ መቁጠር የጀመርኩት። ለአንድ ሳምንት ያህል የግቢው ሰው ሁሉ የሚሰጠውን ጻፍኩ። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ዳቦ ይቆርሱለታል፤ 100 ግራም ዳቦ 250 ኪሎ ካሎሪ ያህል ስለሆነ ይህ ብቻውን ከቀን ድርሻው ከሲሶ ያልፋል። ጎረቤታችን ብስኩት ይወረውሩለታል፣ ዘበኛው ከምሳው ያጎርሰዋል። ማንም ክፉ አላሰበም። ማባበያ ግን ከቀኑ ምግብ ከአሥር እጅ አንዱን ማለፍ የለበትም፤ ለመቻል 70 ኪሎ ካሎሪ መሆኑ ነው። በሩ አጠገብ ክዳን ያለው ጣሳ አስቀመጥኩና ጠዋት ጠዋት የቀኑን ማባበያ ለካሁበት። መስጠት የፈለገ ሁሉ ከጣሳው ያወጣል፤ ጣሳው ባዶ ከሆነ የቀኑ አለቀ። ልጆቹ ደስ ብሏቸው ተቀበሉት፤ ለውሻ ቁም ነገሩ የጉርሻው መተለቅ ሳይሆን መደጋገሙ መሆኑንም ከእኔ ቀድመው የተረዱት እነርሱ ናቸው። የጥፍር ያህል ቁራጭ ይዘው “ተቀመጥ”ን በሁለት ሳምንት አስተማሩት።

በጣሳው ውስጥ ምን አለ? ካሮት በትንንሹ የተቆረጠ፣ አንዳንዴ ጨውና ስኳር የሌለው ፈንዲሻ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የመቻል ቋንጣ። ቋንጣውን ከበሬ ሳንባ ነው የማዘጋጀው። ሥጋ ቤት በርካሽ ይገኛል፣ ስቡም ጥቂት ነው። ውሃው ከፈላ በኋላ 40 ደቂቃ ቀቅዬ፣ በቀጭኑ ቆርጬ፣ በዝግታ በምድጃ አደርቀዋለሁ። በርበሬ የለ፣ ጨው የለ። 15 ግራም ለአንድ ቀን ይበቃል። ጉበትም ይወዳል፤ ነገር ግን የቫይታሚን ኤ ክምችቱ ከፍተኛ ስለሆነ በሳምንት አንድ ጊዜ ጥቂት ብቻ እሰጠዋለሁ።

መቀቀሉ ላይ አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው። በበዓል በግቢያችን በግ ስናርድ ውሃ የቋጠረ ሳንባ ወይም ጉበት ካገኘን “ይህ ለሰው አይሆንም” ብለን ለውሻ እንወረውራለን። ያ ውሃ የቋጠረ ከረጢት የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ ጥገኛ ትል እጭ የያዘ ነው፤ መቀቀሉ የሚያስፈልገውም እርሱን ለመግደል ነው። ውሻው ሲበላው ትሉ በአንጀቱ ያድጋል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣና በልጆች እጅ፣ በአትክልት፣ በሳሩ ላይ ይቀራል። ሰው ሲውጠው በተራው በጉበቱና በሳንባው ላይ ያው ከረጢት ይበቅላል፤ ለዓመታት ሳይታወቅ አድጎ በቀዶ ሕክምና የሚወጣበት ጊዜ አለ። እባካችሁ ከረጢት ያለበትን አቃጥሉት ወይም ውሻ ቆፍሮ በማይደርስበት ጥልቀት ቅበሩት። ለውሻው ደግሞ የትል መድኃኒት በጊዜው ስጡት፤ ለዚህ ትል የሚሆነው ፕራዚኳንቴል ነው፣ መጠኑን ሐኪም ይወስናል።

ዋናው ምግቡ እንዲህ ነው። ጠዋት 100 ግራም ያህል ደረቅ የውሻ ምግብ፤ ማታ 100 ግራም ስብ የሌለው የተቀቀለ ሥጋ፣ 80 ግራም የበሰለ ሩዝ፣ 100 ግራም ዱባና አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት። በላዩ ላይ ሩብ የሻይ ማንኪያ የእንቁላል ቅርፊት ዱቄት እጨምራለሁ፤ ታጥቦ፣ ተቀቅሎ፣ ደርቆ በሙቀጫ የላመ። ሥጋ ብቻ ካልሲየም ስለማይበቃው ሥጋ ብቻ የሚበላ ቡችላ አጥንቱ ይሳሳል፣ እግሩ ይጎብጣል። የበሰለ አጥንት ግን ለካልሲየም ብላችሁ አትስጡ፤ ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ሙሉ በሙሉ ቤት በሚበስል ምግብ ያልተማመንኩት ዚንክ፣ አዮዲንና የመሳሰሉትን በግምት ማሟላት ከባድ ስለሆነ ነው።

ደረቁን ምግብ ስገዛ ሦስት ነገር አያለሁ፦ “የተሟላ” የሚል መሆኑን፣ ለአዋቂ ወይስ ለቡችላ መሆኑንና የሚያበቃበትን ቀን። ዋጋው በጣም ቢያማልልም ከተከፈተ ጆንያ በኪሎ የሚሸጠውን አልገዛም። ስቡ ይበላሻል፣ እርጥበት ካገኘውም ይሻግታል። ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የውሻን ጉበት ክፉኛ ይጎዳል። የሻገተ እንጀራና ዳቦ “ለውሻው” ብለን የምናስቀምጠውም በዚሁ ምክንያት ይቅር። እንጀራ ራሱ፣ ወጥ ያልነካው ከሆነ፣ ጉዳት የለውም። በ2013 የወጣ የዘረ መል ጥናት እንዳሳየው ውሻ ከተኩላ ይልቅ ስታርች የሚፈጭበት ዘረ መል በብዙ ቅጂ አለው፤ ከእኛ ጋር ሲኖር እህል ለምዷል።

የዐቢይ ጾም መግቢያ አስጨንቆኝ ነበር። በ55 ቀን ውስጥ በቤታችን ሥጋ አይበስልም። በቅበላው ሳምንት ሥጋውን ግቢ ውስጥ በከሰል ቀቅዬ፣ በየቀኑ ድርሻ ከፋፍዬ በማቀዝቀዣው የበረዶ ክፍል አስቀመጥኩ። እንዲረዝምልኝ ከጾሙ ቀናት በግማሹ ሥጋውን ቀንሼ ያለ ሽንኩርት የተቀቀለ ምስር ጨመርኩ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆዱ ተነፋ፤ ለውጡን በአንድ ጊዜ ስላደረግኩት ነው። አዲስ ምግብ ከሰባት እስከ አሥር ቀን እየተቀላቀለ መግባት አለበት፤ በጥቂቱ ስጀምርለት ተስማማው።

ለውሻ መርዝ ስለሆኑ ከግቢያችን ያራቅናቸው ነገሮችም አሉ፦ ቸኮሌት፣ ዘቢብና ወይን፣ ዛይሊቶል የሚባል የስኳር ምትክ ያለበት ማስቲካ። የቡና አተላም እንዲሁ፤ ከሦስተኛው በኋላ ከበሩ ሥር የምንደፋው አተላ ካፌይን አለበት፣ መቻልም ይልሰው ነበር። አሁን ክዳን ባለው ባልዲ ነው የሚደፋው።

በሰኔ አጋማሽ ሚዛኑ 18.3 ኪሎ አለ። ድዱ ቀይ ነው፣ የጎድን አጥንቱ በእጄ ሥር ይቆጠራል፣ በር ሲንኳኳም ከሁላችን ቀድሞ ይደርሳል። 18 ሲገባ ምግቡን በአሥር ቀን ውስጥ ጥቂት በጥቂት እያሳደግኩ ወደ 900 ኪሎ ካሎሪ አደርሰዋለሁ። የጣሳው ድርሻም በዚያው ልክ ይጨምራል፤ ልጆቹ ቀኑን እየቆጠሩ ነው።